ልጄ ከፍራተርኒቲ ቢድ ተሰጠው፤ ምን አይተን እንወስን?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ሴሚስተሩን ጀምሯል። ሜጀሩ ኢንጂነሪንግ ነው፤ የሚኖረው ዶርም። ረሽ የሚሉትን (አባል ለመሆን ቤት ለቤት እየዞሩ መተዋወቅ) ሲዞር ሰንብቶ አንዱ ፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበር) ቢድ፣ ማለትም የአባልነት ግብዣ፣ ሰጥቶታል፤ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። እሱ «ኔትወርክ ነው፣ ኋላ ሥራ ያስገኛል» ባይ ነው። አባቱ በአንድ ቃል አይሆንም ብሏል። እኔ መሀል ላይ ነኝ።

እኛ እዚህ አገር የተማርነው ቀን ሥራ እየዋልን ማታ ስለሆነ፣ ግሪክ ላይፍ የሚባለውን (በግሪክ ፊደል የሚጠሩትን የእነዚህን ማኅበራት ኑሮ) የምናውቀው በዜና ብቻ ነው። ዜናው ደግሞ ወይ ልጅ ሞተ ነው፣ ወይ ቤቱ ተዘጋ። ስለዚህ ከሚያውቅ ሰው መስማት ፈለግሁ። ጠቅላላ ወጪው ምን ምን ነው? ፈርሞ ቢጸጸት መውጣት ይችላል? ቻፕተሩ (እዚያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ) ደህና መሆን አለመሆኑ ከውጭ ላለ ሰው በምን ይታወቃል? መሐላ አለው የሚባለውስ ለኦርቶዶክስ ልጅ እንዴት ይሆናል? ልጅሽን ጠብቂ የሚል ምክር ሞልቶልኛል፤ የቸገረኝ ምን ልጠይቅ፣ የት ልይ የሚለው ነው።

ሒሳብ ያዥ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ዓርብ የተባለው አያስጨንቅዎ። ቢድ ግብዣ ነው። ልጁ ቢድ ካርዱን ሲፈርም «ኒው ሜምበር» ተብሎ ዩኒቨርሲቲው ግሪክ ላይፍ ቢሮ ይመዘገባል፤ ድሮ ፕሌጅ የሚባለው ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ይቆይና ኢኒሺዬሽን (ሙሉ አባል የሚሆንበት ሥርዓት) ይደረግለታል። እስከ ኢኒሺዬሽኑ ድረስ በአንድ ኢሜይል መውጣት ይችላል፤ የሚቀርበት እስከዚያ የከፈለው ገንዘብ ነው። ከኢኒሺዬሽን በኋላ ግን አባልነቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል፤ ጥሎ ቢወጣ እንኳ ሌላ ሶሻል ፍራተርኒቲ አይቀበለውም። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ ያለው እዚያ ላይ ነው። የዓርቧን ቀን ሁለት ሦስት ቀን ግፉልኝ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ልጁን ከልባቸው የፈለጉት ከሆነ ሦስት ቀን አይነፍጉትም፤ ከነፈጉት እሱም አንድ መረጃ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ ረሽ ላይ የሚነግሩት የሴሚስተሩን መዋጮ ብቻ ነው። ልጁ የቻፕተሩን ትሬዠረር በቴክስት ሳይሆን በኢሜይል ይጠይቅ፤ መልሱ በጽሑፍ እጁ ላይ ይቀራል። የሚጠይቀው ይህን ነው፦ የኒው ሜምበር ክፍያ፣ ለናሽናሉ (ለዋናው ጽሕፈት ቤት) አንዴ የሚገባ የኢኒሺዬሽን ክፍያ፣ በነፍስ ወከፍ የሚታሰብ የኢንሹራንስ ክፍያ፣ የፒኑ (ደረት ላይ የሚደረገው የማኅበሩ ምልክት) ዋጋ፣ የሴሚስተሩ መዋጮ፣ ቤቱ ውስጥ ለማይኖር አባል የሚታሰብ የቤት ክፍያ፣ ምግብ፣ የፎርማል ግብዣ፣ ስብሰባ ለቀረ ሰው ቅጣት። ቲሸርቱ ራሱ አይናቅም፤ ለየዝግጅቱ አዲስ ያሳትማሉ። ከዚያ የሴሚስተሩን ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለውን ደምሩት። ለምሳሌ መዋጮው 700 ዶላር ቢሆን፣ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሰባት ሴሚስተር 4,900 ነው፤ ይህ ገና አልጋና ምግብ ሳይገባበት። መዋጮው እንደ ዕድር ነው፤ መጣም ቀረም ይቆጠርበታል። ያልተከፈለውን ደግሞ ብዙ ቻፕተሮች ለኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ) ያስተላልፉታል።

ፋይናንሺያል ኤይድ ሲታሰብ መዋጮው የትምህርት ወጪ ተብሎ አይያዝም። 529 በሚባለው የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ የቆጠባችሁ ከሆነም ከዚያ አውጥታችሁ መዋጮ ብትከፍሉ፣ ያ ገንዘብ ያፈራው ትርፍ ግብርና 10 በመቶ ቅጣት ያመጣል። የፍራተርኒቲ ቤት ኪራይና ምግብ ግን ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ እስከሆነ ድረስ፣ ዩኒቨርሲቲው ለመኖሪያና ለምግብ ባስቀመጠው ጣሪያ ልክ ከ529 ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙ መዋጮውንና ኪራዩን ለይቶ ይምጣ።

ወላጅን በብዛት የሚያስለቅሰው ግን መዋጮው አይደለም፤ «ሊቭ ኢን» የሚባለው ነው። ቤቱ ባብዛኛው የቻፕተሩ ንብረት አይደለም። የቀድሞ አባላት የሚያስተዳድሩት ራሱን የቻለ «ሃውስ ኮርፖሬሽን» ይይዘዋል፤ አልጋ ካልሞላ የቤቱን ዕዳ መክፈል ያቅተዋል። ስለዚህ ብዙ ቻፕተር ሁለተኛ ዓመት ላይ ቤቱ ውስጥ መኖርን ግዴታ ያደርጋል፤ ውሉ ላይ ደግሞ ወላጅ ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ሁለት ነገር ይጠይቁ። ልጁ አባልነቱን ቢተው ሊዙ አብሮ ይፈርሳል? ዩኒቨርሲቲው ቻፕተሩን በሴሚስተር አጋማሽ ቢያግደውስ? በሁለቱም መልሱ «ኪራዩ ይቀጥላል» ሊሆን ይችላል። ቻፕተሩ ታግዶ፣ ልጁ ሌላ ቤት ተከራይቶ፣ ለሁለቱም የሚከፈልበት አጋጣሚ አለ። ቢድ ካርዱ ውስጥ ወይም አብሮ በሚፈረም ወረቀት ውስጥ የመኖር ግዴታ ተጽፎ እንደሆነ ከፊርማ በፊት ይነበብ። የእርስዎ ፊርማ የሚጠየቀው ወራት ቆይቶ ነው፤ ያኔ ልጁ ገብቷልና እምቢ ማለት ይከብዳል።

ዶሴ፦

ሒሳብ ያዥ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ «በምን ይታወቃል» ለሚለው ልመልስ።

ከሁሉ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ዕውቅና ያላቸው ቻፕተሮች ዝርዝር ያውጡ። ግሪክ ላይፍ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ አለ። የልጁ ቻፕተር ስሙ ከሌለ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ አይግባ። የታገዱ ቻፕተሮች ከካምፓስ ውጭ ቤት ተከራይተው ረሽ ማድረጋቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዱ የግሪክ ፊደሉን ትቶ በመንገዱ ወይም በቤቱ ቁጥር ይጠራል። የሚቆጣጠራቸው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ናሽናልም ኢንሹራንስም ላይኖራቸው ይችላል።

ቀጥሎ የሄዚንግ (አዲስ ገቢን በማዋረድ፣ በማሠቃየት ወይም አስገድዶ በማጠጣት መፈተን) መዝገብ ነው። ስቶፕ ካምፐስ ሄዚንግ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2024 ተፈርሟል። በዚህ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ጥፋተኛ ሆነው የተገኙ የተማሪ ድርጅቶችን ስም፣ የጥፋቱን ምንነት፣ የተሰጠውን ቅጣትና ቀኖቹን በድረ ገጻቸው የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ቨርጂኒያ ከዚያ በፊትም በ2022 አዳምስ ሎው የተባለ የራሷን ሕግ አውጥታለች፤ በ2021 በሪችመንድ በአንድ ፍራተርኒቲ ዝግጅት ላይ የሞተ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስም ነው። ጉግል ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስምና «ሄዚንግ ትራንስፓረንሲ ሪፖርት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፊ ይወጣል። (አንቺ ማለቴን ይቅርታ፤ እኩያ መስለሽኝ ነው።)

መዝገቡን ስታነቢ ሁለት ነገር ልብ በይ። የሚወጣው ተጣርቶ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ምርመራ ላይ ያለ አይታይም። ስለዚህ ባዶ መዝገብ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሌላው ቃሉ ነው። «የአልኮል ፖሊሲ ጥሰት» ተብሎ ፕሮቤሽን የተሰጠው ብዙ ነው፤ በራሱ ላያስደነግጥ ይችላል። ያው ቻፕተር በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተቀጣ፣ ወይም «ኒው ሜምበሮችን» የሚል ቃል ካለበት ግን ሌላ ነው፤ የሚደገም ልማድ አለ ማለት ነው።

ቢሮው በየሴሚስተሩ የሚያወጣው የጂፒኤ ሪፖርትም አለ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ቻፕተር በቻፕተር ይዘረዝረዋል። የቻፕተሩን ቁጥር ከወንድ ተማሪዎች ሁሉ አማካይ ጋር አነጻጽሪ። የኒው ሜምበሮቹ ጂፒኤ ለብቻው ተጽፎ ከሆነ ዓይንሽ እዚያ ላይ ይረፍ፤ ቻፕተሩ አዲስ ልጆችን ስንት ሰዓት እንደሚያስመሽ የሚናገረው እሱ ነው። የነባሮቹ 3.2 ሆኖ የአዲሶቹ 2.6 ከሆነ፣ ኢንጂነሪንግ ላለ ልጅ ከካልኩለስና ከፊዚክስ ጋር አይሄድም።

አሁን ወደ አደጋው። ረሽ ላይ የምታዪው ሳቅ፣ ባርቤኪውና ቅርጫት ኳስ ነው፤ አደጋው የሚመጣው በኋላ ነው። ሁለት ምሽቶችን ለይተሽ ያዢ። አንዱ «ቢግ ብራዘር ናይት» ነው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ታላቅ ወንድም የሚሰየምበት። በአንዳንድ ቤት ታላቁ ለታናሹ አንድ ጠርሙስ አረቄ ይሰጣል፤ ሳያልቅ አይኬድም። 750 ሚሊ ሊትር የሆነ 40 በመቶ አልኮል 17 መለኪያ ያህል ነው፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ከተጠጣ ይገድላል። ሁለተኛው ከኢኒሺዬሽን በፊት ያለው የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ እንቅልፍ ማሳጣት፣ ምድር ቤት አሰልፎ መጮህ፣ ስልክ መሰብሰብ። የሰሜን አሜሪካ ፍራተርኒቲዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2019 ጀምሮ ከ15 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ከአባል ቻፕተሮች ቤትና ዝግጅት ከልክሏል፤ ፈቃድ ያለው ሻጭ ካላቀረበው በቀር። ስለዚህ ያ ጠርሙስ «ባህላችን ነው» ቢባልም በራሳቸው ደንብ የተከለከለ ነው።

ልጁ ራሱ ፈቅዶ ጠጣ የሚለው ክርክር ሕግ ፊት አይቆምም። ሜሪላንድ ውስጥ ሄዚንግ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም እስከ 500 ዶላር፣ ወይም ሁለቱንም የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የተጎጂው ፈቃድ መከላከያ አይሆንም። ይህ በሁለተኛ ዓመቱም ይመለከትሻል፤ ያኔ ልጅሽ ጠርሙስ ሰጪው ወገን ነው። ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ክሱ ከቅጣቱ በላይ የኢሚግሬሽን መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ደግሞ ኢንሹራንሱ ነው። መዋጮው ውስጥ የከፈልነው ኢንሹራንስ ይሸፍነናል ይባላል፤ ፖሊሲው ግን ደንብ የጣሰን ሰው ያስወጣል። ሄዚንግ ካለ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ አልኮል ከተሰጠ፣ ዝግጅቱን ያዘጋጁት ልጆች ሽፋን አጥተው በግል ይከሰሳሉ። ከሳሽ ጠበቃ ያኔ የሚፈልገው የወላጆችን የቤት ኢንሹራንስ ነው። ልጅሽ ሁለተኛ ዓመት ላይ «ሶሻል ቼር» (የግብዣዎች ኃላፊ) ሆኖ ቢመረጥ እልል ከማለትሽ በፊት ይህን አስቢ።

ለልጁ አሁኑኑ የሚነገር አንድ ነገር ልጨምር። የሰከረ ሰው «ተኝቶ ይለፍለት» አይባልም። የጠጣው ሆዱ ውስጥ እያለ፣ መጠጣቱን ካቆመም በኋላ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ይጨምራል። ማንኮራፋቱ ደህና መሆኑን አያሳይም። ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ 911 ነው፤ እስኪደርሱ በጎኑ ይተኛ፣ ብቻውን አይተው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ለእርዳታ የደወለን ከመጠጥ ክስ የሚጠብቅ ሕግ አላቸው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ዶሴ፣ አንቺ በለኝ፤ ደስ ይለኛል። ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ዕውቅና አለው። መዝገቡ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአልኮል ጥሰት አለ። የመሐላውን ነገር ግን ማንም አልነካልኝም።

የንስሐ ልጅ፦

የመሐላው ጉዳይ በሁለት ይከፈላል፤ ሰው ስለሚያምታታው ነው ለብቻው የምጽፈው።

ሥርዓተ አቀባበላቸው ምሥጢር ነው። ባብዛኛው ፊደሎቹ የሚወክሉት መፈክር፣ የእጅ አሰጣጥ፣ የሚነበብ ጽሑፍና ቃል ኪዳን ነው። ብዙዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፕሮቴስታንት ኮሌጆች ስለተመሠረቱ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሚያስምሉ አሉ። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም፤ በ1834 ዊልያምስ ኮሌጅ የተመሠረተው ዴልታ አፕሲሎን ምሥጢር የለኝም የሚል ነው፣ ሥርዓቱንም በግልጽ ያደርጋል። ልጁ የቻፕተሩን ቻፕሊን (እንዲህ የሚባል ሹመት ብዙዎቹ አላቸው) ቀጥ ብሎ ይጠይቅ፦ በእግዚአብሔር ስም መማል አለ? ከሃይማኖቴ የሚጋጭ ቃል ቢኖር ሳልል ማለፍ እችላለሁ? ቃሉን ባይነግሩትም ለዚህ አዎ ወይም አይ ማለት ይችላሉ። መልሱን ይዞ የንስሐ አባቱን ያማክር። ካህኑ «አይሆንም» ካሉ ደግሞ ኢኒሺዬሽን ሳይደርስ መውጣት እንደሚችል ከላይ ተነግሮናል።

ሁለተኛው ምሥጢር ግን የድርጊት ምሥጢር ነው። «እዚህ የሚደረገውን ለእናትህ አትናገርም፣ ለዩኒቨርሲቲው ቢጠየቅ ትክዳለህ» የሚል ነገር ሲመጣ ሥርዓት አይደለም፤ ማስረጃ መደበቅ ነው። ሁለቱን ለይቶ እንዲያውቅ አድርጊው።

ጾሙ ቀላል ነው፣ ካሰቡበት። የስፕሪንጉ ኒው ሜምበር ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ቤቱ ሼፍ ካለው «ቪጋን» ብሎ መንገር ይበቃል፤ ቅቤ የነካው አትክልት እንዳይመጣበት ግን ለይቶ ይናገር፤ አሜሪካዊ ሼፍ ብሮኮሊን ያለ ቅቤ አያውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ «ሌት ፕሌት» የሚባል አለ፤ ስሙን ሲያስመዘግብ ሳህኑ ተሸፍኖ ይቀመጥለታል። የቻፕተር ስብሰባ ባብዛኛው እሑድ ማታ ስለሆነ ከቅዳሴ ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው የቅዳሜ ሌሊቱ ነው። አዲሶቹን ልጆች እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አባላትን በመኪና እንዲያመላልሱ ያደርጋሉ፤ መኪና ያለው ልጅ ደግሞ ተፈላጊ ነው።

ስቴፐር፦

አንድ ጥያቄ ልወርውር። ልጁ የጥቁር ፍራተርኒቲዎችን አይቷቸዋል? ብዙ የሐበሻ ልጅ ረሽ ስለማያደርጉ ብቻ መኖራቸውን ሳያውቅ ያልፋል።

ዲቫይን ናይን የሚባሉት አምስት ፍራተርኒቲና አራት ሶሮሪቲ (የሴቶቹ ማኅበር) ናቸው። አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 ኮርኔል ተመሠረተ፤ ኦሜጋ ሳይ ፋይ በ1911፣ ፋይ ቤታ ሲግማ በ1914 ሁለቱም እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፤ ካፓ አልፋ ሳይ በ1911 ኢንዲያና፤ አዮታ ፋይ ቴታ በ1963 ባልቲሞር ሞርጋን ስቴት። ማርቲን ሉተር ኪንግና ተርጉድ ማርሻል አልፋ ነበሩ፤ ንክሩማ ሲግማ ነበር።

አገባቡ ጨርሶ ሌላ ነው። በር ለበር መዞርና የዓርብ ቢድ የለም። ኢንተረስት ሚቲንግ ይጠራል፤ ሱፍ ለብሶ በሰዓቱ መገኘት ነው። ማመልከቻ፣ ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የበጎ አድራጎት ሥራ ማስረጃ ይጠየቃል። የተወሰነ ክሬዲት ያላጠናቀቀ አይታይም፤ ስለዚህ የአንደኛ ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል። አንዱን መርጦ ለአንዱ ብቻ ያመለክታል፤ ሁለት ቦታ መታየት ሁለቱንም ያሳጣል። ቻፕተሩ በዓመቱ ጭራሽ ላይከፍትም ይችላል። ክፍያው ባንዴ የሚጠየቅ ስለሆነ ይከብዳል፤ ግን ባብዛኛው ቤት ስለሌላቸው ሒሳብ ያዥ ያለው የሊዝ ጣጣ የለም። ደግሞም ከተመረቀ በኋላ በግራጁዌት ቻፕተር መግባት ይቻላል፤ በዲሲ ዙሪያ ሞልተዋል።

እዚህም ግን ንጹሕ አይምሰላችሁ። ያኔ በጋራ ምክር ቤታቸው የነበሩት ስምንቱ በ1990 ፕሌጂንግን በይፋ አስቀርተዋል፤ በድብቅ ግን ቀጥሏል። በይፋው መንገድ ብቻ የገባን ልጅ «ፔፐር» ይሉታል፣ ወረቀት ብቻ ማለታቸው ነው። ልጆች ያንን ስም ፈርተው ማመልከቻው ሳይከፈት በፊት ሌሊት ሌሊት መደብደብን ይቀበላሉ። «ከማመልከቻው በፊት ና» የሚል ጥሪ ከመጣ ያ ነው።

ፋርማሲስት፦

ሁላችሁም ስለ አገባቡ ተናገራችሁ፤ «ሥራ ያስገኛል» የሚለውን ግን ማንም አልመረመረውም። ልጁ የሚገባው ለዚያ ብሎ ከሆነ መታየት ያለበት እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለ የአንድ ኮሌጅ ምሩቃንን አይቶ፣ ፍራተርኒቲ መግባት ጂፒኤን በ0.25 ገደማ ይቀንሳል፣ በኋላ የሚገኘውን ገቢ ግን 36 በመቶ ገደማ ያሳድጋል ብሏል። ፍራተርኒቲዎች ይህችን ቁጥር በየቦታው ይጠቅሷታል፤ 0.25ቷን ብዙም አያነሱም። አንድ ኮሌጅ ነው፤ ጥናቱም ራሱ ቁጥሩ የሚሠራው ለሁሉም ሳይሆን መግባት አለመግባታቸው በሁኔታዎች ለሚወሰን ተማሪዎች መሆኑን ይናገራል። በፋይናንስና በሽያጭ ሥራ ትውውቅ በር ይከፍታል፤ አልክድም። ኢንጂነር ሲቀጠር ግን መጀመሪያ የሚታየው ኢንተርንሺፕና ጂፒኤ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደ ኢንጂነሪንግ ሜጀሩ ለመዝለቅ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ይቆጠራል፤ 0.25 እዚያ መስመር ላይ ላለ ልጅ ብዙ ነው።

ለልጁ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቻፕተሩን «ባለፉት ሦስት ዓመታት ከእናንተ ኢንጂነሪንግ የተመረቁትን አሳዩኝ» ይበል፤ ከዚያ ሊንክድኢን ላይ ያያቸው። ሁለት ሰው ብቻ ከሆኑ ኔትወርኩ ለእሱ የለም ማለት ነው። ብዙ ከሆኑ ደግሞ ለአንዱ ይጻፍና ሥራ ያገኘው በማን በኩል እንደሆነ ይጠይቀው።

ኔትወርክ ብቻ ከሆነ የሚፈልገው ሌላም መንገድ አለ። ፕሮፌሽናል ፍራተርኒቲ የሚባሉት በሙያ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ወንድም ሴትም ይቀበላሉ። ለኢንጂነር በ1904 ሚኒሶታ የተመሠረተው ቴታ ታው አለ። ስማቸው ፕሮፌሽናል ስለሆነ ሄዚንግ የለባቸውም ማለት አይደለም፤ መዝገቡ ላይ እነሱም ይታዩ። በ1975 ፐርዱ የተመሠረተው የጥቁር ኢንጂነሮች ብሔራዊ ማኅበር፣ በተለምዶ ኔዝቢ የሚሉት፣ ለተማሪ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ ዓመታዊ ጉባኤው ላይ ኩባንያዎች እዚያው ኢንተርቪው ያደርጋሉ። ታው ቤታ ፓይ የሚል ደብዳቤ በሦስተኛ ዓመቱ ቢደርሰው ደግሞ ፍራተርኒቲ መስሏችሁ እንዳትጥሉት፤ በውጤት የሚገባበት የክብር ማኅበር ነው፤ ሬዙሜ ላይ ይጻፋል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ትናንት ማታ ልጁ ራሱ ጥያቄዎቹን ልኮላቸው ነበር። ትሬዠረሩ ዝርዝሩን በሰዓቱ መልሷል፤ እስከ ማክሰኞም ጊዜ ሰጥተውታል። ሁለት ነገር ቀረ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቤቱ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው፤ ወላጅም ዋስ ይሆናል። የኒው ሜምበር ካላንደሩን ሲጠይቅ ግን «የውስጥ ጉዳይ ነው» አሉት። ይህ እንዴት ይታያል?

ዶሴ፦

ካላንደር የውስጥ ጉዳይ አይደለም። የኢኒሺዬሽኑ ጽሑፍ ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ ማክሰኞ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የት እንደሚሆን ግን ምሥጢር ሊሆን አይችልም። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ቻፕተሮች የኒው ሜምበር ፕሮግራማቸውን በቀንና በሰዓት ጽፈው ለግሪክ ላይፍ ቢሮ እንዲያስገቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ልጁ «ለቢሮው ያስገባችሁትን ላኩልኝ» ይበል። አሁንም እምቢ ካሉ ቢሮውን ይጠይቅ። አንቺም መደወል ትችያለሽ። ስለ ልጅሽ ውጤት፣ የተማሪን መዝገብ በሚጠብቀው በፈርፓ ሕግ ምክንያት አይነግሩሽም፤ ስለ ቻፕተሩ ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፦ አሁን ምርመራ ላይ ነው ወይ? የኒው ሜምበር ፕሮግራሙ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያልቃል? ለመጀመሪያው «ልንናገር አንችልም» ካሉ ድምፃቸውን አዳምጪ፤ ምርመራ ከሌለ ብዙዎቹ «የለም» ለማለት አይቸገሩም።

ትሬዠረሩ በአንድ ቀን መመለሱና ቀን መጨመራቸው ጥሩ ምልክት ነው። የካላንደሩን ጉዳይ ግን አያካክሰውም።

ሒሳብ ያዥ፦

በዋስትናው ላይ፦ ሲፈርሙ ለልጅዎ አልጋ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። ውሉ «በአንድነትና በተናጠል» የሚል ቃል ካለው፣ ሌላው ልጅ ያልከፈለውን እርስዎ ሊጠየቁ ይችላሉ። ያ ቃል ይሰረዝ፤ ካልተሰረዘ አይፈርሙ። የዋስትናው መጠን በዶላር ይጻፍ፤ ለአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ይሁን። ቦታውን ለሌላ አባል ማስተላለፍ የሚፈቅድ አንቀጽም ይጠይቁ፤ አልጋ የሚፈልግ ሌላ ልጅ ካለ ሃውስ ኮርፖሬሽኑ ኪሣራ የለበትምና ይስማማል።

ሌላ መንገድም አለ። ልጁ «ይህን ሴሚስተር ውጤቴን ልያዝ፣ በፎል እንደገና ልምጣ» ማለት ይችላል። ቢድ የሰጠ ቻፕተር በሚቀጥለው ረሽ ያንኑ ልጅ ደግሞ መጋበዙ የተለመደ ነው። በፎል ከገባ የካልኩለስ ውጤቱ በእጁ ነው፤ የሄዚንግ መዝገቡም ስለሚታደስ አሁን ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ቢኖር ያኔ ወጥቶ ሊታይ ይችላል። ቀድመው የገቡትን ልጆችም በክፍል ውስጥ ያያቸዋል፤ ከስተዋል ወይስ ደህና ናቸው?

ፋርማሲስት፦

በፎል የሚለውን እደግፋለሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን፦ ቢድ ካርዱን ከፈረመ በኋላ ነው የሚወጣው ከተባለ፣ አንዳንድ ካምፓስ ያው ሴሚስተር ወይም ዓመት እስኪያልፍ ሌላ ቻፕተር እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ማክሰኞ ከመፈረሙ በፊት ይወስን እንጂ ፈርሞ «ልሞክረውና ልውጣ» አይበል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ነገ ጠዋት ቢሮውን እደውላለሁ። አባቱ ይህን ሁሉ አነበበና ያለው ስለ ቤት ኢንሹራንሳችን ብቻ ነው፤ ፖሊሲውን አውጥቶ እያነበበ ነው።

ዶሴ፦

ኢንሹራንሱ ላይ የሚያየው «ሊያቢሊቲ» የሚለውን ክፍል ነው፤ ዶርም የሚኖር ልጅ የቤተሰቡ አባል ሆኖ ይቆጠር እንደሆነ፣ እስከ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከካምፓስ ውጭ ቤት ሲከራይ ይቀር እንደሆነ። ግልጽ ካልሆነ ኤጀንቱን በኢሜይል ይጠይቅ፤ የስልክ መልስ ክስ ሲመጣ አይገኝም።